መዲና በለስ አዘለች

እስቲ እጃችሁን ዘርጉ። ልያችሁ! እሾህ አለ? የለም? ጎሽ!

መዲና የምትባል ልጅ ግን አንድ ቀን እጇ በሙሉ እሾህ ሆነ። እጇ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት!

ጀርባዋም እሾህ። ቀሚሷም እሾህ። ኧረ ጉዷ ብዙ ነው፤ ቆይ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

መዲና ስድስት ዓመቷ ነው። ቤቷ ወሎ ውስጥ፣ አጥሩ ዙሪያውን በለስ የሆነ ግቢ ውስጥ ነው።

ኑሩ የሚባል ትንሽዬ ወንድም አላት። ኑሩ ጥርስ የለውም፣ ጸጉርም እምብዛም የለውም። ድምፅ ግን አለው! «ዋ! ዋ! ዋ!»

ዛሬ ኑሩ አርባ ቀን ሞላው። አርባ ቀን ሙሉ ከቤት ሳይወጣ፣ ጡቱን እየጠባ፣ እየተኛ፣ እያለቀሰ ከረመ።

ዛሬ ግን ይወጣል! ከወንዙ ማዶ ያሉት አያቱ ሊያዩት ይጠብቃሉ።

«እማ፣ ኑሩን ማን ያዝለዋል?» አለች መዲና። ይህን ስትጠይቅ ዐሥረኛ ጊዜዋ ነው።

«እስከ ወንዙ ድረስ አንቺ፣ ከወንዙ በኋላ እኔ» አለቻት እናቷ። «ነገርኩሽ እኮ! ቃሌ ቃል ነው።»

መዲና በደስታ ዘለለች። ዘላ ዘላ ሲደክማት ግን ፈራ ተባ አለች።

«ማዘል ቢያቅተኝስ? ኑሩ ቢወድቅብኝስ?»

ትንሽ አሰበች። «ልለማመዳ!» አለች።

ግድግዳው ላይ የኑሩ አዲስ አንቀልባ ተሰቅሏል። አንቀልባ ታውቃላችሁ አይደል? ሕፃን ጀርባ ላይ የሚታዘልበት ነው።

የሰፉት ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው አባ ሙሔ ናቸው። ውጭው ሰማያዊ ነው፤ ውስጡ የኑሩን ገላ እንዳይቆረቁረው ለስላሳ ጨርቅ ነው።

እናቷ ኑሩን ልታጥበው ጓዳ ገባች። መዲና አንቀልባውን ቀስ ብላ አወረደችና ወደ ግቢ ወጣች።

መጀመሪያ ትራስ አዘለች። «እሹሩሩ፣ እሹሩሩ…»

ትራሱ በጣም ቀለላት። «ኑሩ እንዲህ አይቀልም!» ብላ ጣለችው።

ቀጥላ ድመቷን አዘለች። «እሹሩሩ፣ እሹሩሩ…»

ድመቷ «ሚያውውው!» ብላ ዘለለችና ጣራው ላይ ወጣች። እስከ ማታ አልወረደችም፤ እኔም ብሆን አልወርድም ነበር።

ከዚያ መዲና ሣሩ ላይ የተከመረውን በለስ አየች።

ክብ ክብ፣ ቀይና ቢጫ፣ ፀሐይ ያሞቀው በለስ! አባቷ ጠዋት፣ ጤዛው ሳይደርቅ የለቀመው ነው።

አባቷ በለሱን ሳይጠርግ ጎረቤት ጠራው። «ማንም እንዳይነካው!» ብሎ ሄደ።

እናንተ፣ በለስ ሳይጠረግ አይነካም! መጀመሪያ በቅጠል ሸር! ሸር! ሸር! ይደረጋል። እሾሁ ሣሩ ላይ ሲረግፍ ነው የሚነካው።

መዲና ይህን አሳምራ ታውቃለች። ግን እሷ መቼ ልትነካው ነው? ልታዝለው ነው እንጂ!

«አትንኩ ነው ያለው» አለች ለራሷ። «አትዘሉ አላለም።» አያችሁ ብልጠቷን?

በለሱን በሳህን እየዛቀች አንቀልባው ውስጥ ጨመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ዐሥራ አንድ በለስ!

ጎንበስ አለች። አንቀልባውን ጀርባዋ ላይ አወጣች፣ ማሰሪያውንም ደረቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ አሰረች።

ከበደ! ሞቀ! ልክ እንደ ኑሩ!

«እሹሩሩ በለሴ፣ እሹሩሩ…» እያለች ግቢውን አንዴ ዞረች። «እሹሩሩ በለሴ፣ እሹሩሩ…» ደግማ ዞረች።

«ወይኔ፣ ቻልኩበት!» አለች። ደስ አላት።

ግን የበለስ እሾህ ተንኮለኛ ናት። አንዷ ትልቅ ናት፤ ሌላዋ ደግሞ ከጸጉር ትቀጥናለች፣ አትታይም። መጀመሪያ ዝም ትላለች።

በሦስተኛው ዙር… ጠቅ!

«እ?» አለች መዲና።

ጠቅ! ጠቅ!

«ኧረ!»

ጠቅ! ጠቅ! ጠቅ! ጠቅ!

«ኧረ ጀርባዬን! ኧረ ወየው ጀርባዬን!»

መዲና ማሰሪያውን ፈታች። በለሱ ዱብ! ዱብ! ዱብ! እያለ ሣሩ ላይ ተንከባለለ።

ጀርባዋን በእጇ አሸችው። አሁን እጇም ጠቅ!

እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገችው። አሁን ሆዷም ጠቅ!

ባሸችው ቁጥር እሾሁ ይባስ ገባ። እሾህ እንዲህ ነው፤ ሲያሹት ይወዳል።

አንቀልባውን አራገፈችው። አየችው፤ ምንም የሚታይ ነገር የለም። በእጇ ስትዳብሰው ግን… ጠቅ!

«እማ ካወቀች ኑሩን አታሳዝለኝም» ብላ አሰበች። እንባዋ መጣ።

አንቀልባውን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ፣ ቦታው ላይ መልሳ ሰቀለችው።

ከዚያ በሩ አጠገብ ቆመች። ግድግዳውን አልተደገፈችም። በዚያ ጀርባ እንዴት ትደገፍ?

እናቷ ኑሩን አቅፋ መጣች። ኑሩ ታጥቧል፣ ቅባት ተቀብቷል፣ ያብረቀርቃል።

«ነይ መዲናዬ፣ ጀርባሽን አምጪ! ኑሩን ላሳዝልሽ» አለች እናቷ።

አንቀልባውን ከግድግዳው አወረደች። ለስላሳውን ጎኑን ወደ ላይ አድርጋ መደቡ ላይ ዘረጋችው።

መዲና አንቀልባውን አየች። የኑሩን እግር አየች። የኑሩ እግር እንደ ቅቤ ለስላሳ ነው።

ብትናገር አታዝልም። ባትናገር ኑሩ ይወጋል።

እናቷ «ቢስሚላህ» ብላ ኑሩን ዝቅ አደረገችው። ዝቅ… ዝቅ… ዝቅ…

መዲና ወደ መደቡ ዘለለች።

«ተይ እማ! እንዳታስተኚው! እሾህ አለው!»

እናቷ ክው አለች። ኑሩን ወዲያው ወደ ደረቷ መለሰችው።

«የምን እሾህ?»

መዲና ሁሉንም ተናገረች። ትራሱን ተናገረች፣ ድመቷን ተናገረች። በለሱ ላይ ስትደርስ ግን ለቅሶው አላናግር አላት።

«በለስ አዘልሽ?» አለች እናቷ። «ኧረ በአላህ! በለስ?»

ልትቆጣ ነበር። ግን አፏ አልታዘዝ አላት፤ ሳቋ አመለጣት።

ስቃ ስቃ መልሳ ኮስተር አለች። «እንዳታሺው። እንዳትቀመጪ። እኔንም እንዳትነኪኝ! በይ አባ ሙሔ ዘንድ።»

እናትየው ኑሩን አቅፋ ከፊት፣ መዲና እጆቿን እንደ ዶሮ ክንፍ ዘርግታ ከኋላ። አንቀልባው ደግሞ በዘንቢል።

ጠረረረረ! ጠረረረረ! የአባ ሙሔ የስፌት መኪና ከሩቅ ይሰማል።

አባ ሙሔ መነጽራቸው ሁልጊዜ አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ነው። በመነጽሩ አናት አሻግረው መዲናን አዩዋት።

«ሰዓዳ፣ እንኳን ለአርባሽ አደረሰሽ!» አሉ ለእናቷ። «ልጅቷ ግን ምነው? ልትበር ነው እንዴ?»

«በለስ አዝላ ነው አባ ሙሔ። በኑሩ አንቀልባ።»

አባ ሙሔ መኪናቸውን አቆሙ። ፊታቸው ደነገጠ። «ኑሩስ? ተወጋ?»

«አልተወጋም። ላስተኛው ስል እሷው ጮኸች።»

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ አባ ሙሔ። ከዚያ ወደ መዲና ጎንበስ አሉ። «አብሽሪ መዲና፣ አብሽሪ! አሁን እናወጣዋለን።»

«በመርፌ ነው የሚያወጡት?» አለች መዲና። ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«ሰዎች እሾህን በእሾህ ይላሉ፤ እኔ ግን አልወድም። መርፌ ለልብስ ነው። ለአንቺ ወረንጦ አለልሽ።»

መጀመሪያ ቀሚሱ። «ሰዓዳ፣ በጭንቅላቷ በኩል እንዳታወጪው፣ ፊቷን ይወጋታል። ቁልፉን ፍቺና ወደ ታች ልቀቂው» አሉ አባ ሙሔ።

እናቷ ልብስ ከሚለካበት መጋረጃ ጀርባ ወሰደቻት። ቁልፎቹን ፈታች። ቀሚሱ ቁልቁል ወርዶ መሬት ላይ ክብ ሠርቶ ተቀመጠ።

መዲና ከክቡ መሃል ወጣች። ቀሚሷም ብቻውን ቀረ። «እዚያው ቁጭ በል፣ እሾሃም!» አለችው።

አባ ሙሔ የራሳቸውን ትልቅ ሸሚዝ በመጋረጃው ላይ አቀበሉ። መዲና ሸሚዙን ወደ ፊቷ አድርጋ ታቀፈችው፤ ጀርባዋ ለብርሃኑ ተገለጠ።

«መጀመሪያ ትልልቆቹን» አለች እናቷ። ኑሩን ለአባ ሙሔ ሰጥታ ወረንጦውን ያዘች። አንዷን እሾህ ከሥሯ ቆነጠጠቻት።

ውልቅ!

«ወጣች?» አለች መዲና።

«ወጣች!»

ውልቅ! «ወጣች!» ውልቅ! «ወጣች!»

እናንተም በሉ እንጂ! ውልቅ! «ወጣች!»

ትልልቆቹ አለቁ። ግን ትንንሾቹ አሉ፤ እነዚያ ከጸጉር የሚቀጥኑት፣ የማይታዩት። እነሱን ወረንጦ አይዛቸውም።

«አይዟችሁ፣ ለእነሱም መላ አለን» አሉ አባ ሙሔ። ከመሳቢያቸው አንድ ቢጫ ቁራጭ አወጡ።

«ምንድን ነው?» አለች መዲና በመጋረጃው ቀዳዳ እያየች።

«ሰም ነዋ። ንብ የሠራችው። ክሬ እንዳይበጠስ በዚህ ነው የምስበው። እስቲ አሽትቺው!»

መዲና አሸተተችው። ማር ማር ይላል።

እናቷ ሰሙን በመዳፎቿ መሃል አሸችው። አሸችው፣ አሸችው፤ ሞቀና ለሰለሰ።

ከዚያ ጀርባዋ ላይ… ልጥፍ! «ቆይ… ቆይ… ቆይ…» ላጥ!

«ኧረ!» አለች መዲና።

«አመመሽ?»

«አይ… ኮረኮረኝ!»

እናቷ ሰሙን አሳየቻት። እነዚያ ተንኮለኞች ሁሉ ሰሙ ላይ ተሰክተው ቆመዋል! አሁን ታዩ!

ልጥፍ! «ቆይ… ቆይ… ቆይ…» ላጥ! ጀርባዋ አለቀ።

ልጥፍ! «ቆይ… ቆይ… ቆይ…» ላጥ! ሆዷ አለቀ።

ልጥፍ! «ቆይ… ቆይ… ቆይ…» ላጥ! እጆቿም አለቁ። ትንሿ ጣት ብቻ ሁለቴ ፈለገች።

እናቷ በሳሙና አጠበቻት። መዲና ጀርባዋን ነቀነቀች። ጠቅ የሚል የለም። ሆዷን ነካች። ጠቅ የሚል የለም።

«እፎይ!» አለች። ከልቧ ነው ያለችው። እስቲ እናንተም በሉ፦ እፎይ!

የአባ ሙሔን ሌላ ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰች። እስከ ቁርጭምጭሚቷ ደረሰ፤ እጅጌው ደግሞ መሬት ይጠርጋል። አባ ሙሔ ኑሩን ለእናቱ መልሰው እጅጌውን ሦስት ጊዜ አጠፉላት።

አሁን አንቀልባው ቀረ። መዲና ከዘንቢሉ እንዲወጣ አልፈለገችም።

«ኑሩን አታሳዝይኝማ፣ አይደል እማ?» አለች በቀስታ።

እናቷ «መጀመሪያ አንቀልባው ይጥራ» አለች።

አባ ሙሔ አንቀልባውን መስኮቱ አጠገብ ዘረጉት። ፀሐይ በጎን ስትመታው እሾሁ ሁሉ ብልጭ ብልጭ አለ።

«አየሽ? ይኸው አሉ! እሾህ ሲያራግፉት አይወጣም፣ ሌላ ቦታ ይገባል። ሲያጥቡትም ወደ ሌላው ልብስ ይሄዳል። መለቀም አለበት።»

የጨርቁን እሾህ በሰም አላነሱም፤ ሰም ጨርቁን ያበላሸዋል። ነጭ ፕላስተር ቆርጠው ለመዲና ሰጧት። «ጉድሽን አንቺው አጥሪ!»

መዲና ሥራ ጀመረች። ልጥፍ! «ቆይ… ቆይ…» ላጥ!

ልጥፍ! ላጥ! ከላይ። ልጥፍ! ላጥ! ከታች። ልጥፍ! ላጥ! በስፌቱ ላይ፣ በማሰሪያው ላይ።

ክንዷ ደከመ። ምላሷ በአንድ ጎን ወጣ። ግን አላቆመችም።

«ጨረስኩ!» አለች።

አባ ሙሔ በጣታቸው ዳበሱት። «እኔ እንጃ። የእኔ ጣት አርባ ዓመት መርፌ ሲወጋው ደንድኗል፤ ምንም አይሰማውም። በጉንጭ ነው የሚታወቀው።»

ጎንበስ ሲሉ ጢማቸው አንቀልባው ላይ አረፈ። «ይኼ ጢም ደግሞ አያሳውቀኝም!»

መዲና አንቀልባውን አየች። ዛሬ እሾህ ምን እንደሆነ የእሷን ያህል የሚያውቅ የለም።

«እኔ ላድርግ» አለች። «የእኔ ጉንጭ እንደ ኑሩ ለስላሳ ነው።»

እናቷ አየቻት። አንቀልባውንም አስጠጋችላት።

መዲና ዓይኗን ጨፍና ጉንጯን ቀስ አድርጋ አሳረፈች። ከላይ… ምንም የለም። ከመሃል… ምንም የለም። ከታች…

ጠቅ!

«አንዷ አለች!» ብላ ጮኸች። ጉንጯን አላሸችም፤ ፕላስተሩን አነሳች። ልጥፍ! «ቆይ… ቆይ… ቆይ…» ላጥ!

እናቷ ጉንጯን አየችላት። ትንሽዋን እሾህ በወረንጦ… ውልቅ! «ወጣች!»

መዲና እንደገና ጉንጯን አሳረፈች። ከላይ። ከመሃል። ከታች። ማሰሪያው ላይ ሁለቴ።

ጠቅ የሚል የለም! አንድም የለም!

«እፎይ!» አሉ አባ ሙሔ። «እፎይ!» አለች እናቷ። «እፎይ!» አለች መዲና።

«ዋ!» አለ ኑሩ። እሱም የሚለውን ብሏል።

እናቷ አንቀልባውን ዘረጋች። «መዲና» አለች፣ «ጀርባሽን አምጪ።»

«እኔ ነኝ የማዝለው? እኔ?»

«ቃሌ ቃል ነው አላልኩሽም? ኑሩ ዛሬ ያልተወጋው አንቺ ስለተናገርሽ ነው። ደብቀሽ ቢሆን ግን…» አለችና አልጨረሰችውም።

«ደግሞስ ዐሥራ አንድ በለስ ያዘለች ልጅ» አሉ አባ ሙሔ፣ «አንድ ኑሩ ያቅታታል?»

መዲና ጎንበስ አለች። እናቷ ኑሩን ጀርባዋ ላይ አስቀመጠችው፣ ማሰሪያውንም ደረቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ አሰረችላት።

ከበደ። ሞቀ። ደግሞ ይተነፍሳል! ጆሮዋ ሥር እፍ… እፍ… ይላል።

«እሹሩሩ ኑሩዬ፣ እሹሩሩ…» እያለች በመንገዱ ሄደች። እናቷ አንድ እጇን ከኋላ ደገፍ አድርጋ ተከተለቻት።

ወንዙ ጋ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው መዲና ቆመች። ድርቅ አለች።

ጀርባዋ ላይ አንድ ነገር ተሰማት።

«እማ!» አለች በሹክሹክታ። «እሾህ ቀርታለች መሰለኝ! ኑሩ ሊወጋ ነው!»

እናቷ ደነገጠች። «የት ጋ?»

«እዚህ… አይ፣ እዚህ… ኧረ እማ፣ ወደ ታች እየሄደች ነው!»

መዲና ግራ ገባት። እሾህ ይሄዳል እንዴ? እሾህ ይሞቃል እንዴ? እሾህ… ይፈሳል እንዴ?

እናቷ አንቀልባውን ከኋላ ገለጥ አድርጋ አየች። ከዚያ ሳቀች። ስቃ ስቃ መቆም አቅቷት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«ሸንቶብሽ ነው! ኑሩ ሸንቶብሽ ነው!»

«ሽንት ነው?» አለች መዲና።

«ሽንት ነው!»

«ሽንት ብቻ?»

«ሽንት ብቻ!»

መዲና እጆቿን ወደ ሰማይ ዘረጋች። «ሽንት ነው!» ብላ ጮኸች። «እፎይ! ሽንት ነው!»

ወንዙ ዳር ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ሁሉ ቀና አሉ። በሽንት እንዲህ የተደሰተ ሰው አይተው አያውቁም።

ኑሩ ግን ምንም አልገደደውም። ቀልሎት፣ እህቱ ጀርባ ላይ እንቅልፉን ለጥ ብሎ ተኝቷል።

ወንዙ ጋ ሲደርሱ ኑሩ ወደ እናቱ ጀርባ ተዛወረ፤ ተሻግረውም ወደ አያቱ ሄዱ። በሚቀጥለው ቀን ማን እንዳዘለው ልንገራችሁ? መዲና! ከዚያ በሚቀጥለውስ? መዲና!

እናንተም በሉ አሁን ጀርባችሁን ፍራሹ ላይ አሳርፉ። አይወጋም አይደል? እፎይ!